የጠፈር ማኅበሩ ሦስት መታወቂያዎች

የአዳራሽ ጠባቂው ጋሽ ተፈራ ሞተው የተገኙት በጠፈር ወዳጆች ማኅበር ደረጃ ሥር ነው። ነሐሴ 2013 ነበር፤ ወልድያ የመድፍ ድምፅ እየሰማች ነው። ማኅበሩ ቴሌስኮፑን ሸፍኖ አዳራሾቹን ለስብሰባ ያከራያል፤ ጦርነት ደጅ ቆሞ ማን ሰማይ ያያል!

ኢንስፔክተር አልታየች የሟቹን መሳቢያ አየች። በራሳቸው ቁልፍ ተከፍቷል፤ ባዶ ነው።

«ምን ነበረበት?»

«የተከራዮቹ መታወቂያ» አለች ጽዳት ሠራተኛዋ መሪማ። «የአዳራሽ ቁልፍ ሲወስዱ ያስይዛሉ። ቁልፉ ተመልሶ ወንበሩ ካልተቆጠረ ጋሽ ተፈራ ለወንድማቸውም አይሰጡም! ትናንት አመሻሽ ስወጣ ሦስቱም ነበሩ፤ ወላሂ!»

ተከራዮቹ እህል ነጋዴው ሰይፈዲን፣ መምህርቷ ሀስናና የግብርና ባለሙያው ደሞዜ ናቸው። ሀስና ማለዳ ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ያለ መታወቂያ ተይዛ «ሰርጎ ገብ» ተብላለች። ፖሊስ ወደ ማኅበሩ ቢያመጣትም በር ላይ የተሰበሰበው ሰው «ስጡን!» ይላል። ቢሰጧት ምን እንደሚከተል አልታየች ታውቃለች፤ ፈርታለች።

ሦስቱንም ትልቁ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ደሞዜ፣ ማለዳ የት ነበርክ?»

«ልጆቼ መርሳ ናቸው። መኪና አግኝቼ ስሄድ መንገዱ ተዘግቷል ብለው ከኬላው ማዶ፣ ከሲሪንቃ መለሱን።»

«መታወቂያችሁን አሳዩኝ።»

«ተፈራ ዘንድ ነው» አለ ሰይፈዲን። ሀስና አለቀሰች። ደሞዜ ግን ፈጥኖ ከኪሱ አወጣ፤ በዚያ ሰሞን መታወቂያ ያለው ሰው ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው።

አልታየች ተቀበለችው።

«ኬላው ሀስናን ይዞ አንተን አሳለፈ። ይህ ካርድ ትናንት አመሻሽ መሳቢያው ውስጥ ነበር። የአዳራሹ ቁልፍ ደግሞ እስካሁን ቀበቶህ ላይ ነው። ቁልፉን ሳትመልስ መታወቂያህን ማን ሰጠህ?»

ደሞዜ ቀበቶውን ዳሰሰ።

«ለመንኳቸው» አለ በመጨረሻ። «መብራት ጠፍቷል፣ ወንበሩ ጠዋት ይቆጠራል አሉኝ። ጦር ደርሶ ወንበር! ደረጃው ላይ የመሳቢያውን ቁልፍ ስነጥቃቸው ወደቁ።»

«የእኔንስ ለምን ወሰድከው?» አለች ሀስና።

«የእኔ ብቻ ቢጠፋ ይታወቅብኛል ብዬ። የሁለታችሁንም ወንዝ ጣልኩት።»

አልታየች ለሀስና ማንነቷን የሚገልጽ ወረቀት ጽፋ ማኅተም መታችበት፤ ከዚያም እጇን ይዛ በሕዝቡ መሃል አሳለፈቻት።

መሪማ የደሞዜን አዳራሽ ወንበሮች ቆጠረች። አርባ ነበሩ፤ አንድም አልጎደለም።