ገጽ አርባ ሰባት

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ተሰልፏል። እሱ አራተኛ ነው።

በብብቱ ሥር ግራጫ ፋይል ይዟል። ፋይሉ ውስጥ ስልሳ የማይረቡ ወረቀቶች አሉ። ከመሃላቸው አንዷ ግን ሰው ታሳስራለች።

ገጽ አርባ ሰባት።

ከፊቱ የቆመው ባለ ቡናማ ጃኬት ሳይዞር፣ ለግድግዳው የሚያወራ መስሎ፣ «ማሽኑ ቀለም ጨርሷል አሉ» አለ።

«ጥቁሩን ነው ቀዩን?»

«ጥቁሩን።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ጭልፋ ፋይሉን ባንኮኒው ላይ አኖረው። ባለ ቡናማ ጃኬቱ ክዳንም ተመሳሳይ ፋይል አጠገቡ አኖረ።

በመሥሪያ ቤቱ የሚስጥር ስም የሚያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሥራውን የሚሠራው ግን ርቦት ሳለ መሆን አለበት። ሰላዩን «ጭልፋ» አለው፣ አለቃውን «ክዳን»፣ ዘመቻውን ደግሞ «ድስት»። ጭልፋ በሥልጠና ጊዜው ተኩስ፣ ክትትልና ማምለጥ ተምሯል። ከዚያ የከተማው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኖ እንዲገባ ታዘዘ። በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ማስፋፊያ ጨረታ ውስጥ እጁን የሚከተው ማን እንደሆነ እንዲደርስበት ነበር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሞላው። እስካሁን አንድ ጥይት አልተተኮሰበትም። «ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ስብሰባው ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጽፏል። አንዳንድ ቀን ጥይቱ ይሻለኝ ነበር ይላል።

«ፊርማውን እየው» አለ በሹክሹክታ። «የጨረታ ኮሚቴውን ምክትል ሰብሳቢ ፊርማ። ጨረታው የተከፈተ ቀን ቀኝ እጁ ተሰብሮ ጄሶ ውስጥ ነበር። ሁሉንም ገጽ የፈረመው በግራው ነው፣ የዶሮ ጭረት ነው የሚመስለው። እዚህ ገጽ ላይ ግን በደህና ቀኝ እጅ የተጻፈ ያማረ ፊርማ አለ።»

«ትናንት በስልክ ነግረኸኛል። አትድገመው።»

«ያጭበረበሩት ሰዎች ጄሶውን አያውቁም። ከአንተና ከእኔ በቀር ልብ ያለው የለም።»

«እንደዚያው ይቆይ። ፎቶ ያነሳህበት ካርድስ?»

«አብሮ አለ።»

«ሌላ ቅጂ?»

«ደንቡ አይፈቅድም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ክዳን ራሱን ነቀነቀ። «ስብሰባው ሐሙስ ነው። ቀለሙ ተመርምሮ ነገ ይመለስልሃል። አንተ እዚሁ ጠብቅ። መንገዱ ንጹሕ መሆኑን አይቼ እደውላለሁ። ሳልደውል ንቅንቅ እንዳትል።»

የጭልፋን ፋይል አንስቶ ወጣ። ከበሩ ማዶ ነጭ መኪና ተነሳች። ጭልፋ ሰሌዳዋን በልቡ ያዘ፤ ከሥልጠናው የተረፈው ልማድ እሱ ብቻ ነው።

ጠበቀ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። የማይፈልገውን ወረቀት ኮፒ አስደረገ፣ ኮፒውን ደግሞ ኮፒ አስደረገ። የቤቱ ባለቤት ወፍራም ሴት ናቸው፤ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልጄ፣ አሁን የቀረህ ራስህ ነህ። ግባና ማሽኑ ላይ ተኛ፣ አንድ ቅጂ ላውጣህ።»

ሊስቅ ሞከረ። ስልኩ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጮኸ። ክዳን አልነበረም። በጨረታ ኮሚቴው ያለችው መሐንዲስ ነች።

«ወንድሜ፣ የት ገባህ?»

«ኮፒ ላስደርግ ወጥቼ ነው። ምነው?»

«ስብሰባው ዛሬ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሰብሳቢው ነው ያመጣው። እኔማ ከግማሽ ሰዓት በፊት ገጽ አርባ ሰባትን እንደገና አውጥቼ ሳነብ ደሜ ፈላ። የተከፈተ ቀን በዓይኔ ያየሁት ሁለት የማጣሪያ ገንዳ ነው። አሁን አንድ ይላል! ሰው እንዴት ዓይኑን ይጠራጠራል?»

«የቱን ገጽ ነው ያወጣሽው?»

«አርባ ሰባትን እኮ ነው የምልህ። ከቁም ሳጥኑ።»

ጭልፋ ስልኩን ዘጋ።

ገጽ አርባ ሰባት ቁም ሳጥን ውስጥ የለም። ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ለክዳን አስረክቦታል።

እየሮጠ ተመለሰ። የምክር ቤቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን ወጣ። የብረት ቁም ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በእሱ እጅ፣ ሌላው በመሐንዲሷ። ከፈተ። ግራጫ ሽፋን ያለውን የአንዱን ተጫራች ኩባንያ ሰነድ አወጣና ገለጠ። አርባ አምስት። አርባ ስድስት።

አርባ ሰባት።

አዲስ ገጽ ነው። የአምስቱም የኮሚቴ አባላት ፊርማ አለበት። የምክትል ሰብሳቢው ፊርማ የዶሮ ጭረት ይመስላል።

ስህተታቸውን አርመውታል። ስህተታቸውን ደግሞ የነገራቸው እሱ ነው።

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ክዳን ባለፈው ዓመት «ለመጠባበቂያ» ብሎ ቁልፉን ሳሙና ላይ አትሞ እንዲሰጠው አዝዞት ነበር። አትሞ ሰጥቶታል፣ ደረሰኝ እንኳ አልጠየቀም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሌባ ሲፈልግ፣ የሌባው ጸሐፊ ሆኖ ኖሯል። ተናደደ። ከሁሉ በላይ በራሱ ተናደደ።

ገጹ በሁለት ገንዳ ፋንታ አንድ ገንዳ ካለ ግራጫው ኩባንያ መስፈርቱን ሳያሟላ ይወድቃል። ሰማያዊ ሽፋን ያቀረበው ሌላው ኩባንያ ያሸንፋል። ሰማያዊው በሌላ ከተማ የሠራው ጣቢያ በመጀመሪያው ዝናብ ገንፍሎ ወንዙን በክሎታል። እዚህም ከወንዙ በታች ያለው ሠፈር ልጆች ከአሁኑ ሆዳቸው አልድንም ብሏል።

በዚህ ላይ የዕለቱ አጀንዳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሦስተኛው ተራ ቁጥር «መሐንዲሷ ለግራጫው ኩባንያ ያደረገችውን ውግንና ለፖሊስ ስለማስተላለፍ» ይላል።

የሁለት ልጆች እናት ናት። ልጆቿ ጭልፋን «አጎቴ» ይሉታል፤ እሁድ እሁድ ሒሳብ ያስጠናቸዋል። ገጹ ተቀይሯል ብላ ብትጮህ መጀመሪያ የምትጠየቀው ቁልፍ ያላት እሷ ናት። ዝም ብትል ደግሞ ተራ ቁጥር ሦስት አለ።

ለክፉ ቀን የተሰጠው አንድ ስልክ ቁጥር ነበር። በቢሮው ስልክ ደወለ። ስምንት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

«ጭልፋ ነኝ። ድስት ተከድቷል። ክዳን ከሃዲ ነው።»

ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ። «ማመልከቻህን በጽሑፍ አድርገህ በቅርብ አለቃህ በኩል አቅርብ።»

«የቅርብ አለቃዬ እኮ ክዳን ነው!»

«ታዲያ በእሱ በኩል አቅርባ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጭልፋ እጀታውን ግድግዳው ላይ ሊፈጠፍጠው ፈልጎ ተወው። ንብረቱ የምክር ቤቱ ነው።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ዛሬ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ። ሊሟላ የማይገባው ቀን ላይ ተሟላ።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ግራጫ ሽፋኑ፣ ገጽ አርባ ሰባት፣ አንድ ገንዳ። ከመስፈርት በታች ነው። ተጣለ። ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

«ክቡር ሰብሳቢ፣ አንለፍ!» መሐንዲሷ ተነሳች። «ሁለት ገንዳ ነበር። ጨረታው በተከፈተ ቀን የታሸገው ቅጂ ከፍርድ ቤቱ ካዝና መጥቶ ይከፈት። ዓይኔ ዋሽቶ ከሆነ እዚሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ደንቡ በድምፅ ብልጫ ነው የሚለው። ይከፈት የምትሉ?»

ሁለት እጅ ወጣ።

«አይከፈት?»

ሦስት።

«ተወስኗል። አንቺም አረፍ በዪ፤ የአንቺ ጉዳይ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ይመጣል።»

መሐንዲሷ ተቀመጠች። ወደ ጭልፋ ዞር ብላ አየችው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የምታምነው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ጭልፋ ደንቡን ያውቀዋል። ራሱ ሦስት ጊዜ ተይቦታል። አንቀጽ አሥራ አራት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የድምፅ ብልጫ ነው። ሁለተኛው፣ ከቁልፍ ያዦች አንዱ ሰነዱን መነካካቱን በራሱ አንደበት ካመነ፣ ቅጂው ያለ ድምፅ ይከፈታል። ሁለተኛውን መንገድ ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። ማን ዕብድ ይጠቀምበታል?

ሰላይ ነኝ ቢል ይስቁበታል፤ የሚመሰክርለት ክዳን ብቻ ነው። ሌባ ነኝ ቢል ግን ሁሉም ያምነዋል።

እስክሪብቶውን አነሳ። መጀመሪያ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው። ከዚያ ተነስቶ አነበበው።

«ገጽ አርባ ሰባትን የቀየርኩት እኔ ነኝ።»



«ምን አልክ?» አለ ሰብሳቢው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«መሐንዲሷ የምታውቀው ነገር የለም። በአንቀጽ አሥራ አራት ቅጂው ይከፈት። ተባባሪም አለኝ። ባለ ቡናማ ጃኬት ነው። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን የሐሰት ገጽ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አስረክቤዋለሁ። የሚነዳው ነጭ መኪና ነው።» ሰሌዳውን ቀስ ብሎ፣ ቁጥር በቁጥር፣ እንዲጽፉት አድርጎ ነገራቸው።

ክዳንን ከከተማው መውጫ ላይ ያዙት። የሐሰቱ ገጽ ከመቀመጫው ሥር ተገኘ። ሰማያዊው ኩባንያ ክፍያውን ቢክደኝ ብሎ ደብቆት ኖሯል። «አለቃው ነኝ፣ ተልእኮ ላይ ነን» እንዳይል ገጹ መኪናው ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር መንገር ሊኖርበት ነው። ዝም አለ። በሳሙናው የተቀረጸው ሦስተኛ ቁልፍ ከሰብሳቢው መሳቢያ ወጣ። ቅጂው በማግሥቱ ፍርድ ቤት ተከፈተ።

ሁለት ገንዳ።

ይህን ሁሉ ጭልፋ የሰማው ከመርማሪው ነው። መርማሪው ወጣት ነው፣ በሁለት ጣት ነው የሚተይበው። መሐንዲሷ ለምስክርነት ተጠርታ ጥጉ ላይ ተቀምጣለች። ጭልፋ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ለስንት ነው የሠራኸው?» አለ መርማሪው።

ይህን አላሰበበትም። ሁሉንም አዘጋጅቷል፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ሰሌዳውን። ዋጋውን ግን አላዘጋጀም። ብዙ ቢል ገንዘቡን አምጣ ይሉታል።

«ለስድስት ወር ደሞዝ» አለ። «በልቼዋለሁ።»

መርማሪው ተየበ። መሐንዲሷ ከወንበሯ ተነሳች።

«ለስድስት ወር ደሞዝ?» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «ብትቸገር ለምን አልነገርከኝም? አበድርህ ነበር እኮ። ልጆቼ አጎቴ የሚሉህን ሰው…» አልጨረሰችውም። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ጭልፋ ጠረጴዛውን ያዘ። ተከትሏት ወጥቶ እውነቱን ቢነግራት ደስታው ነበር። ግን ካቴናው ከወንበሩ ጋር ነው የታሰረው፣ ቃሉም እንደዚያው። እውነቱን ከነገራት የእምነት ቃሉ ይፈርሳል፣ ክሱ ይፈርሳል፣ ክዳን ይወጣል፣ ጨረታው እንደገና «ለሚቀጥለው ሳምንት» ይተላለፋል።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን በጓሮ በር አወጡት። ለከተማው ሕዝብ «ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ተዛወረ» ተባለ። መኪና ውስጥ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላኩ ሽማግሌ ይጠብቁታል። አዲስ መታወቂያ ሰጡት፣ የሚፈርምበት ወረቀት ሰጡት።

«ጥሩ ሠርተሃል» አሉት። «ግራጫው ኩባንያ ውል ፈርሟል። ማመልከቻህ ግን በጽሑፍ ባለመቅረቡ ቅር ተሰኝተናል።»

ወረቀቱን ፈርሞ መለሰላቸው።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለ። «ለመሐንዲሷ ይነገራት። ለእሷ ብቻ፣ ለሌላ ሰው አይደለም። ስሜ ይጥራ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የትኛው ስምህ?»

አፉን ከፈተ። እሷ የምታውቀው ስም ከዋናው መሥሪያ ቤት የተሰጠው ነው፤ እሱም አሁን የሌባ ስም ሆኗል። የራሱን ስም ደግሞ አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም። አፉን ዘጋ።

አውቶቡስ ተራው ላይ አወረዱት። መኪናዋ ሳትቆይ ሄደች። ሻንጣውን ይዞ ተሰለፈ። ሦስት ሰው ይቀድመዋል። ተራው ሲደርስ ትኬት ቆራጩ ቀና ሳይል ጠየቀው።

«ስም?»

መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ አነበበና ነገረው።