የንብ መርዙ ደብተር

«ማሩ ከየት ነው?»

«ከሐረና። ጥቁር ነው።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ረቢያ በጎባ ገበያ ትርምስ መሃል ከሽማግሌው ከማሜ እጅ የማር ቆርቆሮውን ተቀበለች። ጊዜው 1977 ዓ.ም. ነው። ማር ነጋዴ መስላ የምትዞር የደኅንነት ሰላይ ናት፤ የምስጢር ስሟ «ሰፈፍ»። የዛሬው ግዳጇ የውጭ ገዢ መልእክተኛ ሆና የተሰረቀ የምርምር ሰነድ መረከብና ሻጩን መለየት ነው።

ከእህል ጆንያዎቹ ጀርባ በላስቲክ የተጠቀለለውን ደብተር ከማሩ ውስጥ አወጣች።

የወንድሟ የዘይነዲን እጅ ጽሑፍ ነው።

«የንብ መርዝ፣ በጣም ቀጥኖ። የቢልሃርዚያው ትል በሃያ ደቂቃ መንቀሳቀስ አቆመ።»

ዘይነዲን ሆዳቸው በተነፋ በሽተኞች አዝኖ ነበር ይህን ሲመራመር የከረመው። ከሦስት ዓመት በፊት «የሶማሊያ ሰላይ» ተብሎ ተረሸነ። ረቢያ የአባቷን ስም ቀይራ ደኅንነት የገባችው ወንድሟን ያስበላውን ሰው ፍለጋ ነው። ደብተሩን ግን አለቃዋ በለጠ «በእጄ አቃጥያለሁ» ብሎ ፈርሞበታል። መዝገቡን በዓይኗ አይታዋለች።

«አባባ፣ ይህን ማን ሰጠዎት?»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ላንድሮቨር የሚነዳ ሰውዬ ነው። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው።»

በለጠ።

ወንድሟን አስበልቶ ደብተሩን ለሽያጭ ያስቀረው እሱ ነው ማለት ነው። ደብተሩን መልሳ ማሩ ውስጥ ከተተችው።

በለጠ ከገበያው ዳር መኪናው ውስጥ ይጠብቃት ነበር።

«ተረከብሽ፣ ሰፈፍ?»

«ተረከብኩ።»

«አንቺው ያዢው። ሮቤ ደርሰን እናየዋለን።»

ሊነካው እንኳ አልፈለገም። ሲጋራ ሊገዛ ሲወርድ ደብተሩን ከማሩ አውጥታ ከሾፌሩ ወንበር ስር ሸጎጠችው።

ሮቤ መግቢያ ኬላው ላይ በለጠ ከመኪናው ዘሎ ወረደ።

«ያዟት! የተረሸነው የዘይነዲን እህት ናት! ሰነዱ ማሩ ውስጥ ነው!»

ለካ ማንነቷን ያውቅ ኖሯል። የላካትም ስርቆቱን በእሷ ሊያላክክ ነው።

የኬላው አዛዥ መቶ አለቃ ለሜሳ ቆርቆሮውን ገለበጠው። ማር ብቻ።

«ከሾፌሩ ወንበር ስር ፈትሹ» አለች ረቢያ። «አቃጠልኩት ብሎ የፈረመበት ደብተር እዚያ ነው። መዝገቡን አስወጡና አስተያዩት።»

ወታደሩ ደብተሩን ሲያወጣ በለጠ ነጥቆ የጠባቂዎቹ እሳት ውስጥ ወረወረው። እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

በአንድ በኩል እሳቱ። በሌላ በኩል በለጠ።

እጁ ላይ ተጠመጠመችበት። ጥይቱ አፈሩን በተነው። ወታደሮቹ ተረባርበው ጣሉት።

«አትግደሉት» አለች እያለከለከች። «ወንድሜ በተመረመረበት ክፍል ይመርመር።»

ዞር ስትል ደብተሩ አመድ ሆኗል። ስንት በሽተኛ ይጠብቀው የነበረ ነገር እንደነደደ ታውቃለች። ቢሆንም እንደገና ምረጪ ብትባል የበለጠን እጅ ነበር የምትይዘው። ያስለቀሳትም ይኸው ነው።

በለጠ በተረሸነ ሰሞን ደኅንነቶች ሰፈፍን ፈልገው አጧት። ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዚያራ፣ ለጉብኝት፣ የሚሄዱ ሴቶች ግን አንዲት ብቸኛ መንገደኛ መሃላቸው አስገቡ።

«እህቴ፣ ስምሽ ማነው?»

«ሞሚና» አለች። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ከሰዉ ጋር ተቀላቀለች።