የሼህ ኑሩ የመጨረሻ ስንኝ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ ፊት ለፊት የምስቅበት ዓይነት ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ቢቸና ውስጥ ትንሽ የጥብቅና ቢሮ አለችኝ፣ እንጀራዬ ማስረጃ ነው፣ ማስረጃ የሌለውን ነገር ደግሞ ደጄም አላደርሰውም። ስለዚህ ይሄን ሳወራችሁ ለራሴም እየከበደኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው እትዬ ዘይነባ ከሞጣ ደውለው "ልጄ፣ የባሌን መንዙማ ወሰዱብኝ" ያሉኝ ጊዜ ነው። ባላቸው ሼህ ኑሩ በሕይወት ሳሉ ሞጣ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፣ መውሊድ ሲደርስ ደግሞ የራሳቸውን መንዙማ ያወጣሉ፣ ግን አንዱንም ጽፈው አያውቁም። እሳቸው ካረፉ በኋላ ከድር የሚባል፣ ሞጣ ተወልዶ አዲስ አበባ የገባ ጎልማሳ፣ ትልቁን መንዙማቸውን አሳምሮ ቀረጸና "ግጥምና ዜማ ከድር" ብሎ ዩቲዩብ ላይ ለቀቀው። እትዬ ዘይነባ ካሳም አልጠየቁ፣ "ስሙን ብቻ ይመልሱለት" ነው ያሉኝ።

ከሰስን። የከድር ጠበቃ "ይሄ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ባህላዊ ዜማ ነው፣ ባለቤት የለውም" ብሎ ተከራከረ። እኔም ስልኬ ላይ ተደፍቼ የቅጂ መብት አዋጁንና የሰበር ውሳኔዎችን ሳገላብጥ ሰነበትኩ፣ ደግነቱ ሕግና ፍርድ የማንም የግል ንብረት አይደለም፣ ማንም አውርዶ ያነበዋል፣ ግን አዋጁ መብቱ የደራሲው ነው ይላል እንጂ ደራሲው ማን እንደሆነ ከየት ያውቅልኛል?

ስለዚህ ሞጣ ሄጄ፣ እትዬ ዘይነባና እኔ ብቻ የባላቸው ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን፣ ቃላቸውን በስልኬ ቀረጽኩ።

"መጨረሻው ላይ ከድር የማያውቃት አንዲት ስንኝ ነበረች" አሉኝ። "መውሊድ ላይ አንዴ ብሏት ይሆናል እንጂ፣ እዚሁ ጨርቅ ሲያጥፍ ለብቻው ነበር የሚያንጎራጉራት። እኔም ጠፋችብኝ።"

ከዚያ ብዙ ዝም አልን፣ መቅረጫውን አጠፋሁ፣ ወደ ቢቸና ተመለስኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ቃላቸውን እጽፋለሁ። "ጠፋችብኝ" አሉ። ዝምታው ተከተለ። ከዚያ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ፣ ጭርርር የሚል፣ ቀጥሎ የወንድ ድምፅ፣ ዝቅ ያለ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ለራሱ እንደሚያንጎራጉረው ዓይነት። ማዳመጫውን ነቅዬ በሩን ከፍቼ አየሁ፣ ዝናብ ብቻ። መልሼ ከፈትኩት፣ ብምልላችሁ እመኑኝ፣ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፦

"ለናንተ የምተወው፣ ስነሳ ከመንደር፣
ኑሩ ነው፣ ኑሩ ነው፣ በነቢያችን ፍቅር።"

ደወልኩ። "እትዬ፣ ያን ዕለት ከሱቁ ጀርባ ሰው ነበር እንዴ?"

"ማን ይኖራል ልጄ? ግድግዳ ነው እኮ።"

ቀረጻውን ላክሁላቸው፣ አላስችል ቢለኝ ራሴም በሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ። ስደርስ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሮአቸው ላይ ለጥፈውታል። የሚፈሩ መስሎኝ ነበር፣ እሳቸው ግን ሳቁ።

"እየው እንጂ ሲቀልድ! በሕይወት ኑሩ የሚለን ይመስላል፣ ስሙን እኮ ነው የተወልን።"

ቅኔ ቤት ደጃፍ ያደግኩ ሰው ነኝና ወርቁን ለመያዝ አልዘገየሁም፣ ሰውየው ሥራቸው ላይ ስማቸውን አኑረው ኖሯል።

ቀረጻውን ለፍርድ ቤት አላቀረብኩም፣ ምን ብዬ ላቅርበው? ሟቹ መሰከሩ ልበል? እትዬ ዘይነባ ግን የዚያችን ስንኝ የመጀመሪያ መስመር ለሼህ ኑሩ የድሮ ባልንጀራ ሲያሰሙ፣ ሽማግሌው ሁለተኛውን ከአፋቸው ነጥቀው ጨረሱት፣ ችሎት ላይም ቆመው መንዙማውን ከነመጨረሻው አሉት። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው ነው ያዳመጡት። ከድር አንገቱን ደፋ።

"እኔ ከልጅነቴ ስሰማው የሁሉም ነው ብዬ ነው" አለ። "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

በእርቅ አለቀ። ዛሬ ብትከፍቱት "ግጥምና ዜማ ሼህ ኑሩ" ይላል፣ ከድርም ባለፈው መውሊድ ሞጣ መጥቶ እትዬ ዘይነባ ፊት ያችን ስንኝ ጨምሮ መንዙማውን አለው፣ እኔም ከነክርስትናዬ እዚያው ተቀምጬ ሳጨበጭብ ነበር።

መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ቀረጻውን ላስቀምጥ ብዬ ከፈትኩት። "ጠፋችብኝ" ይላሉ እትዬ ዘይነባ፣ ከዚያ ዝምታ ነው፣ እስከ መጨረሻው ዝምታ። ርዝመቱ ያው፣ የተቆረጠ ነገር የለው፣ ሰውየው ግን የሉም። ደንግጬ ደወልኩ።

"እትዬ፣ እርስዎ ጋ ያለው ቅጂም ድምፁ ጠፋ?"

"ለምን ይጠፋል ልጄ?" አሉኝ፣ ደስ ባለው ድምፅ። "ትናንት እንኳ እዚሁ ስልኬ ላይ ሌላ አዲስ መንዙማ አወጣ። ላሰማህ?"

ኔትወርክ አስቸገረኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እስከ ዛሬ መልሼ አልደወልኩም።