ለቪዮላና ለቼሎ ብቻ

ማክሰኞ ዕለት አዩብ ከሁለተኛውም ልምምድ ቀረ። የውድድሩ ቪዲዮ የሚላከው ዓርብ ነው፤ ያለ እሱ ቼሎ ደግሞ የአራት ሰው ኳርቴት የለም።

ሀይፋ ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የምትለውን ቪዮላዋን ታቅፋ፣ ትሮይቪል በተባለው የስደተኞች ሰፈር አዳራሽ የአዩብን ባዶ ወንበር ታያለች። የኮሮናው ዓመት ሰኔ ነበር፤ አዳራሹ ይበርዳል። ለነጻ የትምህርት ዕድል ሊወዳደሩበት የመረጡት፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የኖረ አንድ ፈረንሳዊ ቫዮሊኒስት የደረሰውን፣ እምብዛም የማይታወቅ ኳርቴት ነው። ሰውዬው ያማረውን ዜማ ሁሉ ለራሱ ቫዮሊን ሰጥቶ ሌሎቹን አጃቢ አድርጓቸዋል። በዝግታው ክፍል ግን አንድ ገጽ ላይ ቫዮሊኖቹ ዝም ይላሉ፤ ቪዮላና ቼሎ ብቻቸውን ያወራሉ። ሀይፋ አዩብን የወደደችው እዚያ ገጽ ላይ ነው። ትንፋሿን ሰምቶ ይጠብቃታል።

«አባቴን ፈርቶ ነው» አለች በልቧ። አባቷ አብዱልወሀብ፣ የብርድ ልብስ ጅምላ ነጋዴው፣ ባለፈው ሳምንት ስለ አዩብ ቁርጡን ነግረዋታል። «የመኖሪያ ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሰው ቤት አያቆምም።»

በማግስቱ አዩብ ወደሚኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሮዘተንቪል ሄደች። አዩብ በአጎቱ ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሞ ዳቦ ይሸጣል።

«ከእኔ ነው የሸሸኸው?»

«ካንቺ?» አለ አዩብ። «የወረቀቴ ቀን ካለፈ ሦስት ወሩ ነው። ቢሮው በኮሮና ዝግ ነው። ተራዝሟል ይላሉ፤ መንገድ ላይ ያለው ወታደር ግን የሚያየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ነው። ይህን የሚያህል ቼሎ አዝዬ የት እደበቃለሁ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

በእጁ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «አባትሽ ልክ ናቸው ብለሽ እንዳታስቢ ብዬ።»

ጣቶቿን በፍርግርጉ አሾልካ እጁን ያዘች። ከኋላዋ የተሰለፈ ሰው «ሲስተር፣ ሶሻል ዲስታንስ!» ብሎ ጮኸ። አልለቀቀችውም።

ሐሙስ ምሳ ላይ ለአባቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። አልተቆጡም፤ «ቢሮው እስካሁን ዝግ ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ዓርብ ጠዋት ግን የመኪና ቁልፋቸውን አነሱ። «ተነሽ። ያንን ልጅ እናምጣው።»

ከሮዘተንቪል ሲመለሱ ኬላ ገጠማቸው። ወታደሩ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ ከኋላ ቼሎውን ያቀፈውን አዩብን በጣቱ እያመለከተ «ይሄስ ማነው?» ሲል በዙሉ ጠየቀ።

አዩብ ቀኑ ያለፈበትን ወረቀት ከኪሱ ማውጣት ጀመረ።

አብዱልወሀብ መሪውን ጨብጠው፣ በደንበኞቻቸው ቋንቋ መለሱ። «ኡምክዌንያና ዋሚ።»

አማቼ ነው ማለታቸው ነበር።

ወታደሩ ቼሎውን አየ፤ ሀይፋን አየ፤ ከማስኩ በላይ ዓይኖቹ ሳቁ። እጁን አወዛውዞ አሳለፋቸው።

ትሮይቪል ደረሱ። አዳራሹ በር ላይ አዩብ ቼሎውን እያወረደ «ጋሼ፣ ለማለፍ ብለው እንደሆነ ይገባኛል» አለ።

«ውሸታም አታድርገኝ» አሉ አብዱልወሀብ። «እሁድ ሽማግሌ ላክ። ሦስት ሰው ይበቃል፤ ማስክ ያድርጉ።»

ያን ቀን ያቺን ገጽ ሲጫወቱ ሁለቱም ኖታ ሳቱ። የትምህርት ዕድሉን ሌላ ቡድን ወሰደው። ሽማግሌዎቹ ግን እሁድ መጡ። በልማዱ ደጋግመው መመላለስ ነበረባቸው፤ አብዱልወሀብ በመጀመሪያው ቀን እሺ አሏቸው።

«ምን ላድርግ» አሉ፤ «አማቼ ነው ብዬ ለመንግሥት አንዴ ተናግሬያለሁ።»