የባሕር መህር

«መህርሽን፣ ከባልሽ የምትፈልጊውን የጋብቻ ስጦታ ተናገሪ» ተብሎ ከሼሁ ሲላክብኝ፣ አክስቶቼ «ወርቅ በይ፣ ወርቅ!» እያሉ ጎኔን ይጎሽሙኝ ነበር። እኔ ግን «ባሕር» አልኩ። «ባሕር ድረስ ይውሰደኝና ይመልሰኝ።»

ምን ላድርግ? ሸዋ ሮቢት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ወደብ፣ ስለ ማዕበል፣ ስለ ውቅያኖስ ስለፈልፍ እውላለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ትልቁ ውሃ ግን ክረምት ሲሞላ የሮቢ ወንዝ ነው።

እጮኛዬ ጣሪቅ አልተቆጣም፤ ሳቀ። ቀወት ውስጥ ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርት ገበሬ ነው። «በቃ፣ ኬንያ፣ ሞምባሳ!» አለ። የተቆጡት አባቴ ናቸው። «እንግዲያው ሁላችሁም ስሙ» አሉ በሰው ፊት። «ባሕሩን ሳታይ ከተመለሰች እሱ ቤት አትገባም። እኔው ቤት ትቀመጣለች።» ሼሁም ጻፉት።

ኒካህ ታሰረ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቦርሳችንን አዝለን በሞያሌ ተሻገርን።

ጫጉላ ይሉሃል እንዲህ ነው! የሁለት ሰው ክፍል ስለሚወደድ፣ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ባረፍንበት ርካሽ ማረፊያ እሱ ከወንዶቹ ጋር፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ተደራራቢ አልጋ ላይ ነበርን። የምንገናኘው ጠዋት ጠዋት የጋራው ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ከአገር ያመጣነውን ማሾ እቀቅላለሁ፤ እሱ ያጠብነው ካልሲ ደርቆ እንደሆነ ይዳብሳል።

«ዛሬም ማሾ?»

«ዛሬም ማሾ፣ ነገም ማሾ። አገባኸኝ እኮ።»

«ወላሂ፣ ያገባሁት ማሾውን ነው የሚመስለኝ!»

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ጆንያ ሙሉ ማሾ አየን። ጣሪቅ ቁጢጥ ብሎ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበረና «የኛ ይበልጣል» አላት ባለ ጆንያዋን፣ በአማርኛ። ሴትዮዋ ምኑም ሳይገባት ሳቀች። እስከዚያ ሰዓት ባሌ ብቻ ነበር። እዚያ ጆንያ አጠገብ ግን ወደድኩት።

ደስታችን አልቆየም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር በረንዳ ይወጣ ጀመር። «ማን ነው?» ስለው «ሰው ነው» ይላል። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ቀን የሞምባሳ ትኬት ሊቆርጥ ሄዶ ተመለሰና፣ ሳያየኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አነበብኩት። ሞያሌ ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ተቀምጦ የማሾ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ።

«ጣሪቅ! ባሕሩ በዚያ በኩል ነው እኮ!»

«ሮቢ ሞልቶ የውሃ ሞተሩንም የሽንኩርት ችግኙንም ጠርጎ ወሰደው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ደጃፋችን ደርሷል። እማዬ ብቻዋን ናት።»

«መቼ?»

«ሦስት ቀኑ።»

ያ አላህ! ጎርፉን እሱ አላመጣው። ያቃጠለኝ መደበቁ ነው። «ከጭቃህ የማትወጣ ሰው መሆንህን ቀድመህ ብትነግረኝ፣ ወርቄን ጠይቄ አርፌ እቀመጥ ነበር» አልኩት። ከአፌ እንደወጣ ጸጸተኝ። እሱ ግን ማሾውን ሳይጨርስ ተነስቶ ቦርሳውን ማሰር ጀምሮ ነበር።

ያን ሁሉ መንገድ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ማርሳቢት ላይ ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ፤ ጠጣሁ፤ አላመሰገንኩትም።

የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ የአገራችን ሙቀት ተቀበለን። ሹራቤን አወለቅኩ። አባቴ መናኸሪያ እንደሚጠብቁን ደውለውልኛል።

«ፈይሩዝ» አለኝ በመጨረሻ። «አደራ፣ አይቻለሁ ብለሽ እንዳትዋሺ። መህሬን ትቼለታለሁም እንዳትዪ። አዝነሽልኝ የምትምሪኝ ነገር አልፈልግም። ቃሌን አልፈጸምኩም፤ አባትሽ ቢወስዱሽ እውነታቸውን ነው።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ጠዋት ጠዋት ልነግርሽ እመጣለሁ። አንቺ ማሾውን እያማሰልሽ ስለ ባሕሩ ታወሪኛለሽ። እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?»

እንባዬን እንዳያይብኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

መናኸሪያው ውስጥ አባቴና ሼሁ ቆመዋል። ትንሽ ራቅ ብለው የጣሪቅ እናት እትዬ ሙሀባ አሉ፤ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ጣሪቅ ሮጦ አቀፋቸው። አባቴ ግን አላቀፉኝም።

«ባሕሩን አየሽ?»

«አላየሁም፣ አባ።»

«ነይ እንግዲህ፣ ወደ ቤት።»

እትዬ ሙሀባ እጄን አፈፍ አደረጉኝ። «ልጄ፣ አፈር ስሆንልሽ! ትቼለታለሁ በይ። አንድ ቃል ናት።»

«መተው መብትሽ ነው» አሉ ሼሁም።

ሰው ከበበን። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገዋል። ጣሪቅን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ «እንዳትዪ» በሚል ራሱን ነቀነቀብኝ። ብተውለት ዕድሜውን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ እንደሚኖር ገባኝ። ባልተውለት ደግሞ ላጣው ነው።

«አልተውም» አልኩ።

እትዬ ሙሀባ እጄን ለቀቁኝ። አባቴ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሊያወርዱ እጃቸውን ዘረጉ።

«አልተውም!» ብዬ ቦርሳዬን ሳብኩት። «ሼሃችን፣ ሴት ልጅ መህሯን በዱቤ ብትሰጥ ሐራም ነው?»

ሼሁ ሳቃቸው መጣ። «አይደለም። አንቺ ከፈቀድሽ ይዘገያል። እስከ መቼ?»

«እስኪወስደኝ ድረስ። ሃያ ዓመትም ቢሆን። ባለዕዳዬ እንዳይጠፋብኝ ግን እዚያው ቤቱ ገብቼ እጠብቀዋለሁ።»

አባቴ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። «ይቺስ በእኔ ነው የወጣችው» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ጣሪቅ መጥቶ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ሃያ ዓመት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ቀድመህ ብትከፍል እከስሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ጫማዬን አወለቅኩና፣ እትዬ ሙሀባን ተከትለን የቤታቸውን ጭቃ ልንጠርግ ሄድን።