«ተከትባለች» ይላል ካርዱ

ፈንታሁን የበረዶ ሣጥን ይዞ መጣ።

የመካነ ሰላም ገበያ ጢም ብሏል። ቢሻው ከጨው ሻጮቹ ኋላ ቆሞ አየው። እንደተቀጣጠሩት ግራ እጁ ላይ ነጭ ፎጣ ጠምጥሟል። ምልክቱ ልክ ነው።

ሣጥኑ ግን ልክ አይደለም።

ቢሻው የውሸት ስሙ ነው። በድብቅ የላከው የምርመራ ቢሮ «ወንፊት» ይለዋል። ስምንት ወር የወግዲ ክትባት ዘመቻ ካርድ ጸሐፊ መስሎ ኖሯል። የዘመቻው ኃላፊ ይሄነው የኩፍኙን መድኃኒት ሌላ ቦታ እየቸበቸበ ሕፃናቱን ባዶ ውኃ ይወጋል። አይ ጭካኔ!

ማስረጃው አሁን ቢሻው ብብት ሥር ነው። አንዲት ብልቃጥ ደም፣ ጠዋት የተቀዳች። የኡምኩልሱም ደም፤ ገና ዓመት ተመንፈቋ ነው።

በክትባቱ ቀን አያቷ ኸዲጃ ጠይቀውት ነበር። «ልጄ ቢሻው፣ እናቷ ጅዳ ሆና አደራ ያለችኝ ናት። ላስወጋት?»

ውኃ መሆኑን ያውቃል። ቢናገር ይነቃበታል።

«ያስወጉ እማማ» አለ። ካርዷንም ጻፈ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ማስረጃው ቶሎ ከደረሰ እውነተኛው ክትባት ይመጣላታል፤ ኩፍኙ ካልቀደመ።

ደሴ ያለችው ዶክተር ምህረት ለእሱም፣ ደሙን ለሚያደርስላት ባልደረባው ለፈንታሁንም አስረድታቸዋለች። «ቫይረስ ሲገባ የሚለዩት ጥቂት ሴሎች ይነሣሉ። በሺህ በሺህ ይባዛሉ፣ ይዋጋሉ። ጠላት ሲጠፋ አብዛኞቹ ያልቃሉ። ጥቂቶቹ ግን መልኩን እንደያዙ ይቀራሉ፤ ዓመታት ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ክትባትም እነሱኑ ነው የሚያሠለጥነው። ውኃ ማንንም አያሠለጥንም።»

«በበረዶ እናምጣው?» ብሎ የጠየቃት ራሱ ፈንታሁን ነበር።

«ወዮላችሁ! በረዶ ካገኛቸው ሁሉም ይደክማሉ፤ የተከተበውን ካልተከተበው መለየት አልችልም። በሰውነታችሁ ሙቀት ያዙልኝ።»

ፈንታሁን ተጠጋ።

«ጌሾ አለ?» አለ በይለፍ ቃላቸው።

«የከረመ ብቻ።»

«በል አምጣት። ቶሎ በረዶ ላይ ላድርጋት።»

ፈንታሁን ተሸጧል።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ሁለት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተዋል። ቢሻው ፊቱን አልለወጠም። ኪሱ ውስጥ ሁለተኛ ብልቃጥ ነበረች፤ ሐኪሟ ለማነጻጸሪያ የጠየቀችው የገዛ ደሙ። በልጅነቱ ኩፍኝ ይዞት ድኗል። እሷን ሰጠው።

«አደራ ፈንቴ።»

«ምን ነካህ፣ በእኔ ትጠራጠራለህ?»

ፈንታሁን ሣጥኑን ዘግቶ ወደ አንድ ነጭ መኪና ሄደ። ጋቢናው ውስጥ ይሄነው ተቀምጧል።

ቢሻው አልሮጠም። የሚሮጥ ሰው ይታያል። ቀስ ብሎ ደሴ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ወጣ፤ ክንዱ እስኪደነዝዝ ብብቱን ጨምቆ ተጓዘ።

ዶክተር ምህረት ከእሱ ሌላ ደም ቀዳች። ውጤቱን ስትነግረው ድምፅዋ ወረደ።

«ያንተዎቹ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ያስታውሳሉ። የልጅቷ ባዶ ነው።»

በሳምንቱ ይሄነውና ፈንታሁን ተያዙ። እውነተኛው ክትባት ወደ ወግዲ ተጫነ። ቢሻው አብሮት ሄደ።

ኩፍኙ ቀድሟቸው ነበር።

የኸዲጃ ደጅ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ቢሻው መግባት አቃተው። እሳቸው ናቸው የመጡለት።

«አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ። አንተማ ደክመህላታል ልጄ። አላህ ይስጥህ።»

ከመቀነታቸው ጫፍ ካርዱን ፈቱ። «እናቷ መጥታ እንዳታየው። የእጅህ ጽሑፍ ነው፣ ውሰደው።»

«ተከትባለች» ይላል። የራሱ ጽሑፍ ነው።

እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ማንነትህን ለማንም አትግለጥ የሚለው የቢሮው ትእዛዝ ትዝ አለው። ዘጋው። ቆይተው ቢሰሙና ቢረግሙት እንኳ እርግማናቸው የሚያርፈው በሌለ ሰው ስም ላይ ነው። ይኼ ከሁሉም በላይ አንገበገበው።

በማግስቱ ቢሻው የሚባል ሰው ወግዲ ውስጥ አልነበረም። አዲስ ስም ተሰጠው፤ አዲስ ከተማ ተመደበ። የቢሻውን መታወቂያ ለቢሮው መለሰ።

ካርዱን አልመለሰም።