የመሸጫው ቁጥር

ልጄ የቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ጀመርኩ ስትለኝ የልብስ ቅድ መስሎኝ ደስ አለኝ። አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ነው ስትለኝ ግን ክው አልኩ።

«ቁማር ነው በይኛ!»

«እማዬ፣ ቁማር አይደለም። የአንድ ድርጅት ቁራሽ ትገዣለሽ። ድርጅቱ ሲያድግ ቁራሽሽም ያድጋል።»

«ሲወድቅስ?»

«ሲወድቅ ትጠብቂያለሽ።»

«ካልተነሳስ?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ገንዘቡ የራሷን የልብስ ስፌት ሱቅ ልትከፍትበት ስድስት ዓመት በሰው ሱቅ አጎንብሳ ያጠራቀመችው ነው። እኔ ደግሞ ስልክ በጠራ ቁጥር መርዶ የምጠብቅ ሴት ነኝ።

ትምህርቱ በቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ነበር። አስተማሪው ጡረታ የወጡ የባንክ ሠራተኛ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን፣ «ሰውን የሚያከስረው ገበያው ብቻ አይደለም፤ የራሱ ድንጋጤም ነው» ብለው ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አጣመሯቸው። የአንዱን አክሲዮን በስልክ መሸጫ የምስጢር ቁጥር ሌላው ይይዛል። መሸጥ የፈለገ ለጓደኛው ደውሎ ምክንያቱን ይናገራል፤ ምክንያቱ ካላሳመነ ቁጥሩን አያገኝም። ቁጥሩን የያዘው ሰው በራሱ ስልክም መሸጥ ስለሚችል፣ የሚታመን መሆን አለበት።

ለልጄ የደረሳት ጓደኛ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። እሷ «ሊፍቱ» አለችው፤ እሱ «መርፌ» አላት። በዚያው ጸና።

ቤት ውስጥ ስትሰፋ እጇ ስለማይፈታ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። እኔም ሳልፈልግ እሰማለሁ። ፈልጌም እሰማለሁ።

«ሊፍቱ፣ ዛሬ ወርዷል። ልሽጥ?»

«ምክንያትሽን ተናገሪ።»

«ፈራሁ።»

«ፍርሃት ምክንያት አይሆንም ብለዋል መምህሩ።»

«አንተ አትፈራም?»

«እኔ ቀኑን ሙሉ ስድስተኛ ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥዬ ነው የምውለው። የምፈራው ስልክሽ ሲጠራ ብቻ ነው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ቀና ብዬ አየኋት። ክሩን በጥርሷ ይዛ ረስታዋለች። አንድ ደቂቃ ሙሉ የስልክ ሂሳብ እየቆጠረባቸው ዝም ተባባሉ።

በቃ፣ አለቀልን አልኩ በልቤ።

አንድ ቀን የረሳችውን ደብተር ይዞ ቤት መጣ። ጥፍሩ ሥር ቅባት አለ። ውኃ ሰጠችው። ጠጥቶ ባዶውን ብርጭቆ ይዞ ቆመ። «ልቀበልህ?» አለችው። «የቱን?» አላት። ከዚያ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

ከሄደ በኋላ ጀመርኩ። «በገመድ የሚኖር ባል! ዛሬ አግብተሽው ነገ ጥቁር ልትለብሺ ነው?»

«ማን ስለ ባል አወራ፣ እማዬ?»

«ብርጭቆው አወራ።»

ጣጣው የመጣው የስፌት መኪናዋ ሞተር በተቃጠለ ጊዜ ነው። ለማስጠገኛ ጥቂት ልትሸጥ ደወለችለት። ምክንያቱ አሳመነው። ስልኩ እንደ ልማዱ ድምፁ ተከፍቷል።

«ያዢ። ሰባት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ። ኧረ! እናትሽ ሰሙ መሰለኝ!»

«ተወው፣ እማዬ ቁጥር አይያዝላትም።»

«እውነቷን ነው፣ አይያዝልኝም» አልኩ ከጓዳ። ተሳሳቁብኝ። ደንቡ ቁጥሩ አንዴ ከተነገረ ወዲያው ይቀየር ነበር የሚለው። እነሱ ግን በእኔ እየቀለዱ፣ እሱ ሊቀይረው፣ እሷም ልታስታውሰው ረሱ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የደንበኛ ልክ ልትወስድ ወጣች። ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታዋለች። ጮኸ። ዝም አልኩት። ደግሞ ጮኸ። የጎረቤት ሬዲዮ፣ «ገበያው ባልታሰበ ሁኔታ አሽቆለቆለ» ይላል። ሄጄ ስልኩን ሳየው መስታወቱ ቀይ በቀይ ሆኗል፤ ቀይ ማለት የወረደ ነው።

ስድስት ዓመት! እየፈሰሰ እያየሁት ቆሜ ልቅር? ልጄ ጣቷን የት የት እንደምታሳርፍ ወራት ሙሉ በትከሻዋ በኩል አይቻለሁ። ነካሁት። ቁጥር ጠየቀኝ። የጎረቤቴን የቤት ቁጥር የማላስታውሰው ሴትዮ፣ ጣቴ ራሱ ሄደ። ሰባት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ።

«ተሽጧል» አለ።

እፎይ አልኩ። ልጄን ያዳንኩ መስሎኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስትመለስ ስልኩን አነሳች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሸጠው! ሲሶው ሄደ፣ እማዬ። እጅግ በወረደበት ሰዓት ሸጠው!»

አዳንኩት ያልኩትን እኔው እንደገደልኩት ያኔ ገባኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እሷ ደውላለች።

«አንተ ነህ የሸጥከው?»

መልሱን እስኪያመጣ አልጠበቀችም።

«ቁጥሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም! ተናገር!»

«መርፌ... እናትሽ አጠገብሽ ናቸው?»

«እማዬን በዚህ ምን አገባት? አንተ ነህ ወይ አልኩህ!»

ከወዲያ በኩል የሰንሰለት ድምፅ ይሰማል። ቀስ ብሎ፣ «አዎ። እኔ ነኝ። ደነገጥኩ» አለ።

ያልሠራውን ሠራሁ የሚል ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ልጄ ስልኩን ዘጋችና ግንባሯን የስፌት መኪናው ላይ አስደገፈች። እኔ፣ የወለድኳት እናቷ፣ ጀርባዋን እያሻሸሁ ዝም አልኩ። ዛሬም ስጽፈው ያሳፍረኛል።

በዘጠነኛው ቀን ገበያው ተነሳ። በሦስተኛው ሳምንት ከተገዛበትም ዋጋ አለፈ። ሬዲዮው ያንን ሲናገር ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። ቅዳሜ መማሯን ተወች። አንድ ጠዋት የሰውን ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ስትሰፋ አገኘኋት። በስድስት ዓመት አድርጋው አታውቅም።

«ናፈቀሽ?» አልኳት።

«የከዳ ሰው አይናፍቅም።» እንባዋ እጅጌው ላይ ወረደ። «እማዬ፣ ገንዘቡ አይደለም። እመኑኝ ካለ ሁሉ እሱን ብቻ ነበር ያመንኩት።»

ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። የሚሠራበትን ሕንፃ ጠያይቄ ሄድኩ። ሊፍት እፈራለሁ፤ ስድስቱን ፎቅ በደረጃ ወጣሁት። ከጨለማው የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ አንገቱን ብቅ አደረገና ሲያየኝ ደነገጠ።

«እማማ! ምን ሆነች?»

መጀመሪያ የጠየቀው ስለ እሷ ነው።

«እኔ ነኝ የሸጥኩት» አልኩት እያለከለክሁ።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስትደውልልኝ። ቁጥሩን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን። እኔ አልሸጥኩም፤ እሷ እየጮኸችብኝ ነው። ማን ቀረ?»

«ታዲያ ምን ብለህ ዝም አልክ? ለምን በራስህ ላይ ወሰድከው?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ቁጥሩን መቀየር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ደግሞ... እኔን ብትጠላ ሌላ ሰው ታገኛለች። እርስዎን ብትጠላ ግን ሌላ እናት ከየት ታመጣለች?»

ይህንን ልጅ ነው እንግዲህ ልጄን ጥቁር ያለብሳታል ብዬ ስፈራው የከረምኩት።

«አይንገሯት» አለኝ። «ዛሬውኑ እነግራታለሁ» አልኩት። ወደ ደረጃው ስዞር የሊፍቱን በር ከፈተልኝ። «በዚህ ይውረዱ፤ የጠገንኩት እኔ ነኝ።» በዚያ ቀን እሱን አላምንም የምልበት ምን አፍ ነበረኝ? ገባሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩ። በሩ ሲከፈት በሕይወት ነበርኩ።

ለልጄ ቆሜ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ጣቴን፣ ቁጥሩን፣ እሱ ያለኝን። መርፌው ጣቷን ወጋት፤ አላየችውም።

«አንቺ?» አለችኝ። «ጀርባዬን እያሻሸሽ?»

በቤት ጫማዋ፣ ክር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ልጅም፣ አማችም፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አጣሁ አልኩ። ደጅ ደጁን ሳይ ዋልኩ።

አመሻሹ ላይ ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሆነው ብቅ አሉ። ክሩ ከእሷ አንገት ወርዶ በእሱ ጣት ላይ ተጠቅልሏል። ልጄ ለሁለት ሳምንት በደንብ አላወራችኝም፤ ይገባኛል። እሱ ግን በገባ በወጣ ቁጥር፣ «እማማ፣ ገበያው እንዴት ዋለ?» እያለ ያሾፍብኛል።

ተጋቡ። ሱቁ እንደታሰበው በዚያ ዓመት አልተከፈተም፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት፣ ከተለያየ ድርጅት እየገዙ ሦስት ዓመት ፈጀ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? የጠላሁት ልጅ ወንድ ልጅ ሆነኝ።

አሁን የሁለቱ አክሲዮን በአንድ ላይ ነው። አዲሱን የመሸጫ ቁጥር ማን እንደሚይዝ ሲመክሩ እኔን ጠሩኝ። ጆሮዬን አላመንኩም።

«አብዳችኋል? ለእኔ?»

«ድንጋጤ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?» አለች ልጄ። ቁጥሩን ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ። ከዚያም አጥብቃ አቀፈችኝ፤ ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ እንደዚያ አቅፋኝ አታውቅም።

ባለፈው ወር ገበያው እንደገና ወደቀ። ሬዲዮው ጮኸ፣ ስልኩም ጮኸ። ልጄ ሱቋ ውስጥ፣ እሱ ከጉድጓዱ አፍ፣ ሁለቱም በአንድ መስመር ደወሉልኝ።

«እማዬ፣ ፈራን። ቁጥሩን ንገሪን።»

የእኔ ልብ ከእነሱ በላይ ይመታ ነበር። አራቱም ቁጥሮች ምላሴ ጫፍ ላይ ተደርድረዋል።

«ኧረ እኔ እቴ» አልኳቸው፣ «ቁጥር አይያዝልኝም።»